አልጋ ወራሽ ድንቾች

ሰውየውን ሰፈር ምድሩ የሚያውቀው «ጠበቃው» በሚለው ስም ነው። የፍርድ ቤት ደጃፍ የረገጠው በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ያውም የጎረቤት አህያ ጎመኑን ስለበላችበት። ያን ዕለት አህያዋ በየት በኩል እንደገባች፣ ስንት ቅጠል እንደቀነጠሰች፣ ስትባረር ዞር ብላ እንዴት እንዳየችው ሳይቀር ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አንድ በአንድ ሲተርክ፣ ዳኛው ሆዳቸው ጮኸና ፈረዱለት። ከዚያ ድል ወዲህ ምላሱ ዕረፍት አላየም። ዝናብ ሊመጣ ነው ቢሉት «ማን ነገራችሁ?» ይላል። ዝናቡ ወርዶ ቢያበሰብሰው ደግሞ «ይሄ ዝናብ አይደለም፣ ካፊያ ነው» ብሎ ይግባኝ ይጠይቃል።

ሚስቱ የሱ ተቃራኒ ናት። ቃል ከአፏ የሚወጣው እንደ ጨው በቁንጥር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር ባሏን በክርክር ማሸነፊያው መንገድ አንድ ብቻ መሆኑን ደርሳበታለች፤ እሱ ሲናገር ሥራውን ሠርቶ መጨረስ።

ኑሯቸው ከቤታቸው ጀርባ ባለችው የድንች ማሳ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ድንቹ ግን ከዓመት ዓመት እየኮሰሰ ሄደ። ትልልቁን ለገበያ፣ መካከለኛውን ለድስት፣ የተረፈውን ጥቃቅን ለዘር፤ አባቱም አያቱም ያደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው። አምና ሲቆፈር የወጣውን እንቁላል ያህላል ማለት ዶሮዋን መስደብ ነበር።

«በዚሁ ከቀጠለ ለከርሞ በወንፊት ነው የምንለቅመው» አለች ሚስቱ።

ጠበቃው ጥፋቱን ለመሬቱ፣ ለሰማዩና ለፍልፈሉ አከፋፈለና ራሱን በነጻ አሰናበተ።

በዚህ መሀል ነው አዲሷ የግብርና ባለሙያ የመጣችው። ልጅ እግር ናት፤ በሞተር ሳይክል ስትመጣ የራስ ቁሯ ከትከሻዋ ስለሚሰፋ ከሩቅ ላያት ሞተሩን የሚነዳው ድስት ይመስላል። ገበሬውን የሕፃናት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ሰበሰበችው። ትልልቁ ሰው ሁሉ በአንደኛ ክፍል አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር ሸጉጦ ተቀመጠ።

«እናንተ ለራሳችሁ ትልቁን እየመረጣችሁ ለመሬቱ ትንሹን ትሰጣላችሁ» አለች ባለሙያዋ። «ብዙ ጊዜ ትንሽ የሚሆነው ደግሞ የታመመው ተክል ፍሬ ነው። በሽታ ስትዘሩ በሽታ ታጭዳላችሁ። እኔ ከምርምር ጣቢያ ንጹሕ ዘር አመጣለሁ። ርብራብ ላይ ተዘርግቶ፣ ቀጥታ ፀሐይ ሳይመታው ብርሃን እያገኘ እስኪያጎነቁል መቆየት አለበት። ማን ይወስዳል?»

ጠበቃው ተነሳ። ጉልበቱ አግዳሚው ሥር ተሰንቅሮበት ስለነበር አግዳሚውም ትንሽ አብሮት ተነሳ።

«ሦስት ነጥብ አለኝ ልጄ። አንደኛ፣ ድንች ብርሃን ካየ አረንጓዴ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አረንጓዴ ድንች ይመራል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ እንዲያውም ይመርዛል። ሦስተኛ...»

«ልክ ነዎት አባባ» አለችው።

ጠበቃው ደነገጠ። በሕይወቱ ሙሉ ንግግሩን በዚህ ቃል ያቋረጠው ሰው አልነበረም። ሦስተኛው ነጥብ ከአፉ ላይ ጠፋው።

«የሚበላውማ ጨለማ ውስጥ ነው የሚቀመጠው» ቀጠለች። «ይሄ ግን ዘር ነው። አረንጓዴ ቢሆን ምን ቸገረን? ብርሃን ሲያገኝ ቡቃያው አጭርና ወፍራም ይሆናል። ጨለማ ውስጥ ከሆነ ግን እንደ ክር ይረዝምና ገና ሲነኩት ይሰበራል።»

ጠበቃው ሦስተኛውን ነጥብ ፍለጋ ጣራ ጣራውን ሲያይ፣ ሚስቱ ከኋላ እጇን አወጣች። «እኛ እንወስዳለን።»

«እሺ፣ እሺ፣ እኔም እወስዳለሁ» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ጎረቤታቸው። ይህ ሰው የጠበቃው የልጅነት ባልንጀራ ነው። ለቀረበለት ነገር ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ስለሚል ስሙም እሺ-እሺ ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱ አርባ ዓመት የተስማሙት በዚሁ ነው፤ አንዱ ሁሉን ይቃወማል፣ ሌላው ሁሉን ይቀበላል።

የዘር ድንቹ ከተባለው ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ መጣ፤ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ኩንታል። ለርብራቡ የታዘዘው ጣውላ ግን የት እንደደረሰ የሚያውቅ ጠፋ። ባለሙያዋ «ጆንያ ውስጥ ከቆየ ይሞቅና ይበሰብሳል፤ ዛሬውኑ የሆነ ነገር ላይ ይዘርጉት» ብላ ሞተሯን አስነስታ ወደሚቀጥለው መንደር በረረች።

ጠበቃው ገበያ ውሎ ሲመለስ ጓዳው በር የለውም። በሩ ተነቅሎ አራት ድንጋይ ላይ ተጋድሟል፤ ላዩ ላይ ድንች። ጠረጴዛው ላይ ድንች፣ አግዳሚው ላይ ድንች። መኝታ ክፍል ሲገባ ለሠርጋቸው የተሠራው የእንጨት አልጋ ፍራሹ ተገፎ መስኮቱ ሥር ተጠግቷል፤ በርብራቡ ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ ድንች ጎን ለጎን ተኝቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንች።»

«ድንችነቱንማ አየሁ! እኔስ የት ልተኛ ነው?»

«ፍራሹ መሬት ላይ ተነጥፎልሃል። ጣውላው እስኪመጣ ነው።»

«እንዴ! እኔ መሬት፣ ድንች አልጋ ላይ? በየትኛው ሕግ?»

«አንተ አትበቅልም» አለችና መብራቱን ልትለኩስ ወጣች።

ወሬ እግር የለው፣ ግን ሩጫ ይችላል። በማግስቱ ጠበቃው ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሞ ጠበቀው። «እንደምን አደሩ አልጋ ወራሾቹ?» አሉት። ወፍጮ ቤት ሲሄድ «አልጋ ወራሾቹ ደህና ናቸው?» ሆነ ሰላምታው። እሺ-እሺ ሳይቀር፣ ራሱ ዶሮዎቹን ከቆጣቸው አባሮ ድንች ያሰፈረ ሰው፣ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ «ወንድሜ፣ ሲተኙ ያንኮራፋሉ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። የሱ ዶሮዎች ተቆጥተው እንቁላል ማቆማቸውን ግን ለማንም አልተናገረም።

ጠበቃው መጀመሪያ አኮረፈ። ግን ሰው ከሥር ሆኖ አንድን ነገር በየቀኑ ቀና ብሎ ሲያይ መልመዱ አይቀርም። ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል በርብራቡ ክፍተት ድንቾቹን ያያቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት አረንጓዴ ሆኑ። በሦስተኛው ከየዓይናቸው ወይን ጠጅ መሰል አጫጭር ቡቃያ ብቅ አለ፤ የሕፃን ጥርስ ይመስላል። አንድ ቀን አንዱ ድንች ላይ ቀዳዳ አየ። የእሳት እራት ትል ነው። ድንቹን አንስቶ ጣለ፤ ጎረቤቶቹን ድንቾች አንድ በአንድ አገላበጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቱ ሳታይ በየጠዋቱ ይፈትሻቸዋል፤ ሲፈትሽም ያወራቸዋል። እነሱ ደግሞ አቋርጠውት አያውቁም።

ነገሩ የታወቀው አማቱ ሊጠይቋቸው የመጡ ዕለት ነው። አሮጊቷ ርቧቸው ኖሮ ከአልጋው ላይ ሁለት ደህና ደህና ድንች አንስተው ወደ ማድቤት ሲያመሩ ጠበቃው ከደጅ ሮጦ ገባ።

«እማማ! ያስቀምጡት! ዘር ነው!»

«ምን? ለሁለት ድንች አማትህ ላይ ትጮሃለህ?»

«እማማ፣ በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ ይመርዝዎታል፤ ሁለተኛ እያንዳንዷ ቡቃያ አሥር ድንች ናት፤ ሦስተኛ...» ቀና ሲል ሚስቱ በሩ በሌለው ጓዳ ውስጥ ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ዳግመኛ ጠፋው።

ጣውላው በወሩ መጣ። ደጅ ላይ ዳስ የመሰለ ጣራ ያለው፣ ባለ አራት ደርብ ርብራብ ተሠራ፤ ድንቹ ተዛወረ፣ ጓዳው በሩን፣ ሰውየው አልጋውን አገኘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሬቱ ረጠበና ተከላ ሆነ። ባለሙያዋ የተለካ ዘንግ ይዛ መጣች፤ በመስመሩና በመስመሩ መሀል ሁለት ክንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በድንቹና በድንቹ መሀል አንድ ጫማ።

«ይህን ያህል መራራቅ ምን አመጣው?» ሲል ጠየቀ ጠበቃው። «ድንች ተኳርፎ ነው እንዴ የሚተከለው? አባቴ ጥቅጥቅ አድርጎ ነበር የሚተክል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጠጋጋ...» ንግግሩን ሲጨርስ ሚስቱ ሦስት መስመር ተክላ ነበር። እሱም አራተኛውን ጀመረ።

ተክሉ ስንዝር ሲያልፍ ኮተኮቱት፤ አፈር ከግራ ከቀኝ እየሳቡ ግንዱን አስታቀፉት። አበበ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ቆፈሩ። ጠበቃው አፈሩን በእጁ ገለጥ አድርጎ አንዱን ጎተተ። አልወጣም። ድንጋይ መስሎት በሁለት እጁ ሳበው። ድንች ነው። ከሥሩ ሌላ፣ ከሌላው ጎን ሌላ፤ ከአንድ ሥር አሥራ አንድ። አምና አሥር ኩንታል የሰጠች ማሳ ዘንድሮ ሃያ ስምንት እንደምትሰጥ በግማሹ ላይ ሲደርሱ ታወቀ።

ሚስቱ መቆፈሪያዋን ተደግፋ አየችው። «እስቲ፣ ማስረጃ አለ በል።»

ጠበቃው ድንቹን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አፈሩን በእጅጌው ጠረገለት።

በሦስተኛው ቀን ደላላው መጣ። ቅቤ ምላስ ይሉታል። በየማሳው ድንች በሚቆፈርበት ሳምንት፣ ሁሉም ሰው ሻጭ በሆነበት ሰዓት ከሰማይ እንደወረደ የሚደርስ ሰው ነው። ጆንያዎቹን ይዞ ነበር። ጆንያ አፉ ድረስ ሲሞላ ይሰፋል እንጂ፣ የቅቤ ምላስ ጆንያ አፉ ላይ ሌላ ግማሽ ጆንያ ተቀጥሎበት ከሰው ቁመት ይስተካከላል። ዋጋው ግን የአንድ ጆንያ ነው።

«ይሄ ጆንያ» አለ ጠበቃው ዞር ዞር ብሎ እያየው፣ «ቆብ አድርጓል።»

«አባቴ ይሙት ጋሼ፣ ገበያው ነው እንዲህ የሰፋው።»

«እንግዲያው ቆቡን ያውልቅና እናውራ። ሰው ቤት ሲገባ ቆብ ይወልቃል።»

«ካልሸጡልኝ ይበሰብስብዎታል። ማን ይገዛዎታል? እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት!»

ይህ ቃል ጠበቃውን አበገነው። ምክንያቱም እውነት ነበር። ቅቤ ምላስ ሄደ፤ «ነገ ዋጋው እንዳይወርድ» ብሎ ፈገግ እያለ። ያን ዕለት ማታ የመጣው የባለሙያዋ መልእክት ነው ያዳነው። ከተማ ውስጥ ያለው ኮሌጅ ወጥ ቤት በየሳምንቱ አምስት ኩንታል ድንች ይፈልጋል፤ ኃላፊዋ ግን ሰው አትሰማም፣ ነጋዴ ሁሉ ሸሽቷታል፤ ጋሼ ንግግር ይችላሉና ቢሞክሩስ?

ሚስቱ ካቦርቱን ቦረሸችለት። ደርዘን ድንች በዘንቢል ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀውን ንግግር በልቡ ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ።

የኮሌጁ ወጥ ቤት አንድ ሰው ገብቶ ሊዋኝባቸው የሚችሉ ድስቶች ያሉበት፣ በእንፋሎት የታፈነ አዳራሽ ነው። ኃላፊዋ ሽርጥ የለበሱ፣ ደልደል ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ በእጃቸው አጭር ቢላዋ አለ።

«እመቤቴ» ብሎ ጀመረ ጠበቃው ካቦርቱን አስተካክሎ። «ድንች በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ በሦስት ከፍለን ብናየው...»

ሴትዮዋ በርጩማ ገፋ አደረጉለት። አንድ ባልዲ ጥቃቅን ድንች ፊቱ አኖሩ። ቢላዋውን ሰጡት።

«ይላጡ።»

«ምን?»

«እየላጡ ያውሩ። ይሄ ከገበያ የገዛሁት ነው።»

ላጠ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ ቆረጠ፣ ከድንቹ ይልቅ ልጣጩ በዛ፣ ንግግሩም የት እንደደረሰ ጠፋው። ከዚያ ሴትዮዋ ከሱ ዘንቢል አንድ ድንች አውጥተው ራሳቸው ላጡ። አንድ ረጅም ልጣጭ፣ አንድ ትልቅ ነጭ ድንች። ለሁለት ከፍለው መሀሉን አዩት፣ አሸተቱት።

«ስምንት መቶ ተማሪ አለብኝ፤ ላጪዎቼ አራት ናቸው» አሉት። «አምስት ኩንታል፣ በየሳምንቱ ሰኞ፣ እስከ ትምህርት መዝጊያ። በኪሎ በሚዛን እንጂ በጆንያ አልገዛም። የተቆረጠ አልፈልግም፣ የበሰበሰ አልፈልግም፣ አረንጓዴ ከገባበት ደጄን እንዳይረግጡ።»

«ንግግሬን ሳይሰሙ?» አለ ጠበቃው፤ ደስታውም ቅሬታውም እኩል ታየበት።

«ድንቹ ተናገረ» አሉ ሴትዮዋ ወደ ድስታቸው እየዞሩ።

አምስት ኩንታል በየሳምንቱ ለአንድ ቤት አይዘለቅም። እሺ-እሺም ሃያ አምስት ኩንታል አለው፤ ተራ በተራ ያቀርባሉ ተባለ። ባለሙያዋ መጥታ አያያዙን ስታስረዳ እሺ-እሺ ልጁን ሊጠይቅ ሌላ መንደር ሄዶ ነበር። «የሚሸጠው ድንች ጨለማ፣ ነፋሻ ቦታ ይቀመጥ፤ ለጎረቤትዎ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለችው ጠበቃውን። እሱን መናገር ማዘዝ ዓሣን ዋኝ እንደማለት ነው።

እሺ-እሺ ሲመለስ ጠበቃው አጥሩ ጥግ ይዞት ቆመ። ጨለማውን በቀጥታ ቢነግረው በሁለት ቃል ባለቀ። እሱ ግን ነገር በወጉ ካልተነገረ አይወድምና ከሥር ከመሠረቱ ተነሳ፦ የዘር ድንች ለምን ርብራብ ላይ እንደሚዘረጋ፣ ብርሃን ለቡቃያ ያለው ጥቅም፣ የእሳት እራት ጠባይ፣ አማቱ ያደረጉት፣ አልጋው። ዋናውን ለመጨረሻ አስቀምጦታል። እሺ-እሺ «እሺ፣ እሺ» እያለ አንድ ሰዓት ቆመ። ልክ «እንግዲህ የሚሸጠው ድንች ግን» የሚለው ላይ ሲደርስ የእሺ-እሺ ጥጃ ገመድዋን በጥሳ ጎመኑ ውስጥ ገባች። ባለቤቷ ሮጠ። ጠበቃውም ጉሮሮው ደርቆ ውሃ ሊጠጣ ገባ፤ ነግሬዋለሁ ብሎም በልቡ ዘጋው።

ሁለቱን ሰኞዎች ከጠበቃው ማሳ ተጫነ። የወጥ ቤቷ ኃላፊ መዘኑ፣ ፈረሙ፣ በሁለተኛው ሰኞ እንዲያውም ሻይ አቀረቡ። ሦስተኛው ሰኞ የእሺ-እሺ ተራ ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች በጭነት መኪናው ላይ ከጆንያዎቹ ጋር ተቀምጠው እየተሳሳቁ ሄዱ።

ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈተው ሲያዘነብሉት ወለሉ ላይ የተንከባለለው ሎሚ ይመስላል። ሁለተኛውም አረንጓዴ። ሦስተኛውም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸው ሳይጨምር፤ ይህ ነው የሚያስፈራው። «ልጆቹን ልትመርዙብኝ ነው?»

እሺ-እሺ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያሸው ጀመር። «እሺ... እኔ... ርብራብ ላይ ነው የዘረጋሁት። ቆጡ ላይ፣ አልጋዬ ላይ፣ አጥሩ ላይ። እየገለበጥኩ ብርሃን እኩል እንዲያገኝ... ዶሮዎቹን ሳይቀር አባርሬ ሁሉን እንደተባልኩት ነው ያደረግሁት።» ማን እንዳለው አልተናገረም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጆሮዬ ነው። እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም።»

ጠበቃው አፉን ከፈተ። የመከላከያ ንግግሩ ተሰልፎ ደርሷል፦ አንደኛ ነግሬው ነበር፤ ሁለተኛ ጥጃዋ አቋረጠችን፤ ሦስተኛ፣ በዚህ ዕድሜው ማንም ሰው አረንጓዴ ድንች እንደማይበላ ማወቅ ነበረበት። ሦስቱም ነጥብ ልክ ነበሩ። ዳኛ ቢኖር ይፈረድለታል። ከዚያ የባልንጀራውን ጣቶች አየ፤ ባርኔጣውን እንዴት እንደሚያዞሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ንግግሩን ቆሞ የሰማለት ይህ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሁን በሰማው ሊቀጣ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጠበቃው። «ዋናውን ነገር ሳልነግረው ቀረሁ።»

ሴትዮዋ የሚቀጥለውን ጠበቁ። እሺ-እሺም ጠበቀ። ምንም አልተከተለም። ሁለተኛ የለ፣ ሦስተኛ የለ።

«በቃ?» አሉ ሴትዮዋ።

«በቃ።»

ሴትዮዋ ቢላዋቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ጤነኛ አምስት ኩንታል ካልመጣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። አረንጓዴውን ጭናችሁ ሂዱልኝ።»

የመልሱ መንገድ ረጅም ነበር። ጠበቃውን ሲናገር ብቻ የሚያውቀው ሹፌር፣ ታሞ መስሎት ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው። ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ጆንያዎቹን አየች፣ ሁለቱን አየች፣ መቆፈሪያ አነሳች። ጠበቃው ያለውን ሁሉ ነገራት፤ አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። እሷ ስትሰማው ቆየችና «ይህንን ለመስማት ሃያ ስድስት ዓመት ጠበቅሁ» አለች፤ ቁጣ ይሁን ፍቅር አልለየለትም። ከሰዓት በኋላውን ሦስቱም ከጠበቃው ማሳ ገና ያልወጣውን ድንች ቆፈሩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ አምስት ኩንታል ጤነኛ ድንች ሚዛን ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ፈረሙ። ሻይ ግን አልሰጡም።

የቀረው የእሺ-እሺ ሃያ አምስት ኩንታል አረንጓዴ ድንች ነው። የማይበላ፣ የማይሸጥ። ሰውየው በደጁ ዘርግቶት በመሀሉ ተቀምጧል። ባለሙያዋ ተጠርታ መጣች፤ የራስ ቁሯን ሳታወልቅ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች፣ ሁለተኛውን ገለበጠች፣ ዓይኖቹን ቆጠረች። ሁሉም በዓይናቸው ዙሪያ ማጎንቆል ጀምረዋል።

«ጋሼ እሺ-እሺ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄን ሁሉ የዘር ድንች ያዘጋጀ ገበሬ አላጋጠመኝም።»

«እሺ» አለ እሺ-እሺ በልማዱ፤ ከዚያ ቀና አለ። «ምን አልሽኝ?»

ድንቹ ከንጹሕ ዘር የመጣ ነው፤ በሽታ አልያዘውም፤ ብርሃን አግኝቷል። የሚጎድለው ተካይ ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ፣ አልጋ ወራሾቹ እንዴት አደሩ እያለ ሲያላግጥ የከረመው ሁሉ፣ ጆንያውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ በአጥሩ በኩል ይንጠራራ ጀመር። የሃያ ስምንት ኩንታሉን ወሬ ሰምቷላ! ጠበቃውና ሚስቱ ተመካከሩ፤ ማለትም ሚስቱ ወሰነች። ከእነሱ ከቀረው የሚበላ ድንች ግማሹ ለእሺ-እሺ ይሰጥና በስሙ ለኮሌጁ ይቅረብ፤ በምትኩ የሱ አረንጓዴ ድንች ለጎረቤቱ ይከፋፈል፤ የወሰደ ሁሉ ሲያመርት የወሰደውን ያህል ጤነኛ ድንች ለሁለቱ ቤት ይመልስ። ዘጠኝ ቤት ወሰደ። አሥረኛው መጥቶ ቢያጣ ርብራቡን ለማየት ብቻ ተቀመጠ።

ጠበቃው ለእያንዳንዱ ሰው ራሱ ነበር የሚያስረዳው። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥርለታለች፤ አምስት ዐረፍተ ነገር ሲሞላ ትስልበታለች። ሲያልቅ ሰውየው መልሶ እንዲነግረው ያደርጋል። እሺ-እሺን በተለይ ሦስት ጊዜ አስደገመው።

«ደግሞ ጥጃህን እሰር» አለው በመጨረሻ።

«እሺ፣ እሺ።»

በቀጣዩ ወቅት መስመር ያልያዘ የድንች ማሳ በዚያ መንደር ማየት ቸገረ። ኮሌጁ ብቻውን አልጨረሰው፤ ባለሙያዋ ሁለት ምግብ ቤትና አንድ ሆስፒታል ጨመረችላቸው። ቅቤ ምላስም አልቀረ፤ መጣ፣ ሚዛን ይዞ። ጆንያዎቹ አፋቸው ላይ ምንም ያልተቀጠለባቸው፣ ልክ የሆኑ፣ ጨዋ ጆንያዎች ነበሩ። «ገበያው ጠበበ እንዴ?» አለው ጠበቃው፤ ለዚህ ንግግር ማንም አልሳለበትም።

እንግዲህ አሥራ አንድ ቤት አንድ ላይ ሲያቀርብ ሰብሳቢ ያስፈልጋል ተባለና በዚያው አንደኛ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ጠበቃው ካቦርቱን ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። ማን እንደሚመረጥ ለመጠራጠር ምክንያት አልነበረውም፤ የምስጋና ንግግሩን እንኳ ወደ ሩብ ሰዓት አሳጥሮታል። እሺ-እሺ እጁን አወጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ በስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅማ።

«እኔ የምመርጠው ሚስቱን ነው» አለ። «እሷ ስትናገር ያልቃል።»

ሳቅ ሆነ፤ አሥሩም እጅ ወጣ። ሚስቱ ከኋላ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷ ቀላ። ጠበቃው ብድግ አለ።

«ተቃውሞ አለኝ!»

ባለሙያዋ ግንባሯን ያዘች።

«ስንት ነጥብ ነው?» አለች ሚስቱ።

ጠበቃው አያት። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ሳይሆን ፍቅር መሆኑ ዛሬ ገባው።

«ተቃውሞዬ አንድ ነው» አለ። «ዘግይታችኋል።»

ተቀመጠና የራሱን እጅ አወጣ። አሥራ አንደኛው መሆኑ ነው። አዲሷ ሰብሳቢ ወደ ፊት መጥታ በሰሌዳው ፊት ቆመች፤ ጠመኔ አነሳች፤ የሚቀጥለው ሰኞ የማን ተራ እንደሆነ ጠየቀች። ስብሰባው አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ፣ ለጸሐፊነት ከሱ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ በሦስት ምክንያት ሲያስረዳት፣ እሷ ስለ ካሮት እያሰበች ነበር።